ዝም ስላልኩ ኮራች ተባልኩ

የዚህ ሳምንት ጠያቂ ከባሕር ዳር ናት። ደብዳቤዋ ረዥም ስለሆነ አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

«የ28 ዓመት ሴት ነኝ። ያደግኩት ደብረ ኤልያስ አካባቢ ገጠር ውስጥ ነው። በልጅነቴ ሰፈሩ ሁሉ ‹እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት፤ ድምፅዋ እንኳ አይሰማም› እያለ እናቴን ያመሰግናት ነበር። አሁን ባሕር ዳር በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ያኔ የተመሰገንኩበት ነገር እዚህ ጥፋት ሆነብኝ። በሥራ ግምገማዬ ላይ ‹ስብሰባ ላይ አትሳተፍም› ተብሎ ተጻፈብኝ። አለቃዬም ‹ፕሮጀክቱ የፈረንጅ ነው፤ ፈረንጅ ዝምተኛ አይወድም› አለኝ። ቤት ስገባ ደግሞ አከራዬና ጎረቤቶቼ ቡና ይጠሩኛል። ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ውዬ ስለሚደክመኝ ኢርፎኔን ጆሮዬ ላይ እንዳደረግኩ አንገቴን ደፍቼ ወደ ክፍሌ እገባለሁ። ባለፈው አንዷ ‹ቢሮ ስለምትውል ኮርታብን ነው› ስትል ሰማኋት። አለቀስኩ። ሰው አልጠላም። ሁለት ሦስት ሆነን ስንቀመጥ እጫወታለሁ፤ ሰው ሲበዛ ግን ድክም ይለኛል። ይሄ በሽታ ነው? መለወጥስ ይቻላል? ደግሞ በ21 የማርያም ማኅበር የሚጠጣው አከራዬ ቤት ነው። ራሴን አሞኛል ብዬ ብቀርስ? ዝምተኛዋ ነኝ»

እታለም፣ ጤና ይስጥልኝ።

መጀመሪያ የራሴን ልናዘዝ። እኔ ለፍላፊ ነኝ። ከቢቸና ተነስቼ ደጀን እስክደርስ አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው የልጆቹን የክርስትና ስም ሳላውቅ ከመኪና አልወርድም። ስለዚህ ደብዳቤሽን ስጀምረው ለጎረቤቶችሽ ሳላደላ አልቀረሁም። ነገሩ የገባኝ ሁለተኛ ሳነበው ነው። ይህን የምነግርሽ ምክሩ ከየት በኩል እንደሚመጣ አውቀሽ እንድትሰሚው ነው።

በሽታ ነው ወይ ላልሽው፣ አይደለም። ኢንትሮቨርትና ኤክስትሮቨርት (ዝምተኛና ተጫዋች እንደማለት) የሚለውን አጠራር ዓለም የለመደው እ.ኤ.አ. በ1921 ስዊዛዊው የአእምሮ ሐኪም ካርል ዩንግ ባሳተመው መጽሐፍ ነው። ዩንግ ሰውን ጤነኛና ሕመምተኛ ብሎ መለየቱ አልነበረም። የሰው ቀልብ ወደ ውስጡ ነው ወይስ ወደ ውጭ የሚያደላው ነበር ጥያቄው። ሁላችንም ከሁለቱም አለን፤ ሚዛኑ ይለያያል እንጂ።

ጀርመን ተወልዶ እንግሊዝ አገር የሠራው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሃንስ አይዘንክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ምክንያቱን ከአንጎል ፈለገው። የዝምተኛ ሰው አንጎል ከመጀመሪያውም ነቃ ያለ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ጫጫታ፣ ትንሽ ሰው ይበቃዋል አለ። የእኔ ዓይነቱ ግን ለመንቃት ብዙ ይፈልጋል። ይህን ለማሳየት ከተደረጉት ሙከራዎች አንዱ ደስ ይለኛል። ምላስ ላይ ጥቂት የሎሚ ጭማቂ ጠብ ያደርጉና የሚወጣውን ምራቅ ይለካሉ። ዝምተኞቹ ባመዛኙ ብዙ ምራቅ ያወጣሉ። ሎሚው አንድ ነው፤ የሚቀበለው ሰውነት ነው የተለያየው። ሊቃውንቱ ስለ አንጎሉ ነገር ከዚያ ወዲህም ብዙ ተከራክረዋል። እኔ ግን «ድክም ይለኛል» ያልሽውን ሳነብ ሎሚው ነው ትዝ ያለኝ። አንቺ ቢሮ ስትውዪ ምላስሽ ላይ ሎሚ ሲንጠባጠብ ነው የሚውለው።

መለወጥ ይቻላል ወይ ላልሽውም ከሕፃናት ልጀምር። ሃርቫርድ ያስተምር የነበረው ጄሮም ኬጋን የአራት ወር ሕፃናትን አዲስ ድምፅ አሰማቸው፤ አዲስ መጫወቻ አሳያቸው፤ አዲስ ነገር አሸተታቸው። ከአምስቱ አንዱ ያህል እጅና እግሩን ያወናጭፋል፤ ያለቅሳል። ታዲያ ሲያድጉ ወደ ቁጥብነትና ወደ ጥንቃቄ ያደሉት እነዚህ የሚንፈራገጡት ናቸው። እኔ ብሆን «ይሄማ ሲያድግ ዲስኩር አሰሚ ነው» እል ነበር። እርግጥ ሁሉም ቁጥብ አልሆኑም፤ አስተዳደግም ድርሻ አለው። በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም የዚህን ጠባይ ልዩነት ግማሽ ያህሉን ለውርስ ይሰጡታል። እናትሽን ጠይቂያትማ፣ በአራት ወርሽ አውድማ ላይ ሲጮህ ታለቅሺ ነበር?

እና ጠባይሽ ብዙም አይለወጥም። አካሄድሽ ግን ይለወጣል። እሱን ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

ከዚያ በፊት አንድ ነገር ለዪልኝ። ሰው ሲበዛ መድከም አንድ ነገር ነው። ሰው ምን ይለኛል ብሎ መንቀጥቀጥ ሌላ ነው። ልብሽ እየመታ፣ ላብ እያጠመቀሽ፣ ከፍርሃት ብዛት ፈተና ወይም ሥራ ያመለጠሽ ጊዜ ካለ እሱ ሕክምና አለው። ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክፍል ብትሄጂ አያሳፍርም። ከደብዳቤሽ ግን ያን አላየሁም። ሁለት ሦስት ሆነን እጫወታለሁ ብለሽኛል።

አሁን ወደ አለቃሽ። «ፈረንጅ ዝምተኛ አይወድም» አሉሽ። የትኛው ፈረንጅ? አሜሪካ ከሆነ እሺ፤ እዚያ ክፍል ውስጥ እጅ እያወጣ ለሚናገር ተማሪ ነጥብ ይሰጣል፤ የማታውቂው ሰው እንኳ ስለ አየሩ ሊያወራሽ ይችላል። ፊንላንድ ሂጂ ደግሞ። ሁለት ሰው ሳይነጋገር አብሮ ቢቀመጥ ማንም አያፍርም። አውቶቡስ ሲጠብቁ እንኳ ተራርቀው ስለሚቆሙ በራሳቸው ይቀልዳሉ። ሁለቱም ፈረንጅ ነው።

ደግሞም ዝምታ የሚባለውን ነገር በግምት ነው የምናውቀው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ጥናት በአሥር ቋንቋዎች፣ ሰው ሲጠየቅ መልሱን ለመጀመር ስንት ጊዜ እንደሚወስድበት ለክቶ ነበር። ዝምተኛ የምንላቸው ጃፓኖች ከሁሉ ፈጠኑ። ዴንማርኮች ከሁሉ ዘገዩ። ልዩነቱ ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ግን ያቺ ግማሽ ሰከንድ ናት አንዱን አገር ሰው «ምነው፣ ቅር አላት እንዴ?» የምታሰኘው።

አሜሪካ፣ አሪዞና ያሉትን አፓቼ የሚባሉ ነባር ሕዝቦች ያጠና ኪት ባሶ የሚባል አንትሮፖሎጂስት (የሰውን ባህል የሚያጠና ምሁር) ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970 የጻፈው አለ። እነሱ ዘንድ ከማያውቁት ሰው ጋር ሲገናኙ ዝም ማለት ነው ሥርዓቱ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ጋ ሲቀመጡም ዝም ነው። ለትምህርት ርቆ የከረመ ልጅ ሲመለስ እንኳ ወላጆቹ እሱ እስኪናገር ዝም ብለው ይጠብቁታል። አስቢው። እኛ ጋ ልጅ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ገና ከመኪናው ሳይወርድ «ውይ ከሳህ!» ነው የሚቀድመው።

ከሁሉ ለአንቺ የሚሆነው ግን የቻይናዋ ከተማ የሻንጋይ ነገር ነው። ዢንዪን ቼን የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በዚያች ከተማ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን በሦስት ጊዜ አጠና፤ እ.ኤ.አ. በ1990፣ በ1998 እና በ2002። ያጠኑት ዓይን አፋር ልጆችን ነው፤ ከአንቺ ጠባይ ጋር ፍጹም አንድ አይደለም፤ ግን ጎረቤታሞች ናቸው። በ1990 ዓይን አፋሩ ልጅ በጓደኞቹ የተወደደ ነበር። መምህራኑም ያመሰግኑት ነበር። በ1998 ነገሩ ተደበላለቀ። በ2002 ግን ያው ዓይነት ልጅ በጓደኞቹ የሚገፋ፣ መምህሩም ያን ያህል የማይወደው ሆነ። በ12 ዓመት ውስጥ! ልጆቹ ሌላ ዘር ሆነው አይደለም። አገሩ ነው የተለወጠው። ገበያው ተከፈተ፤ ውድድር መጣ፤ ደፈር ብሎ «እኔ አለሁ» የሚል ሰው ተፈለገ። አንገቱን የደፋው ልጅ ትናንት ጨዋ፣ ዛሬ ደካማ ተባለ።

ሻንጋይ በ12 ዓመት የሄደችውን አንቺ ከደብረ ኤልያስ ባሕር ዳር በአንድ የአውቶቡስ ጉዞ ሄድሽው። ግራ ቢገባሽ ምን ይገርማል?

ደግሞ አንድ የሚያናድደኝ ወሬ አለ። «የጎጃም ሰው ወግና ጨዋታ ወዳድ ነው፤ ብቻ መቀመጥ የከተማ አመል ነው» ይላሉ። እንዴ! ዋሸራና ጎንጅ ያሉበት አገር እኮ ነው። ያደግሽበት ደብረ ኤልያስም የቅኔ አገር ነው፤ ተማሪዎቹን አይተሻቸዋል። ተማሪው ቅኔ ሊቆጥር፣ ማለትም በልቡ ሊያሰናዳ፣ ሲወጣ ደበሎውን ደርቦ ከሰው ተለይቶ ዛፍ ሥር ይቀመጣል። አይናገርም። ዓይኑን ከፍቶ እያየ አያይም። በዚያ የሚያልፍ ባላገር ይህን ልጅ «ኮራ» አይለውም። «ቆጠራ ላይ ነው» ብሎ ድምፁን ቀንሶ ያልፈዋል። ከዚያ ተመልሶ ለመምህሩ ይነግራል፤ ይታረማል። ከበሰለ በኋላ ደግሞ በበዓል ቀን፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ ቆሞ ይዘርፈዋል። ብቻ መሆኑም ስም አለው፤ አደባባይ መውጣቱም ስም አለው። አንዱ ያላንዱ አይሆንም።

ተረቶቻችንማ በሁለት ቢላ የሚበሉ ናቸው። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ያለው ሕዝብ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ያለው ነው። ሲያሻው ደግሞ «አንገት ደፊ አገር አጥፊ» ይልሻል። እንደ ሰዓቱ እያወጣ ነው የሚጠቀምባቸው።

የገባኝን ልንገርሽ። እኛ ጋ ንግግር ተከፋፍሏል። ለጋብቻ ሽማግሌ ይናገራል። ለሐዘን አልቃሽዋ ሙሾ ታወርዳለች። ለጨዋታ አዝማሪ አለ። የሚፎክርም አይጠፋም። የቀረው ሰው ተቀምጦ ይሰማል፤ ይቀበላል። የሁሉም አፍ አይፈለግም። የሁሉም መምጣት ግን ይፈለጋል። ለቅሶ ቤት «ማን ምን አለ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። «ማን ቀረ?» ነው የሚባለው።

ለዚህ ነው ጎረቤቶችሽን ያስቀየማቸው ዝምታሽ አይመስለኝም የምልሽ። ኢርፎኑ ነው።

ሰላምታችንን አስቢው። እንዴት ዋላችሁ፣ ደኅና ዋልሽ፣ ልጆች ደኅና፣ ቤቱ ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ረዥም ነው፤ ግን ወሬ አይደለም። መልሱ የታወቀ ነው፤ ምን ልበል ተብሎ አይታሰብበትም። እኔ እንዲያውም ለእንዳንቺ ዓይነት ሰው ተብሎ የተሠራ ይመስለኛል። ስለዚህ ነገ የግቢውን በር ከማንኳኳትሽ በፊት ኢርፎኑን አውልቂና ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺው። ቆም በዪ። «እትዬ፣ እንዴት ዋሉ?» በዪ። ያመመው ልጅ ካለ ጠይቂ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ ወደ ክፍልሽ ግቢና እንደ ልብሽ ዝም በዪ።

ቡናውን በየቀኑ መጠጣት የለብሽም። በሳምንት ሁለት ቀን ምረጪና አስቀድመሽ «ማክሰኞና ቅዳሜ የእናንተ ነኝ» በያቸው። የሚጠብቁሽን ቀን ካወቁ በሌላው ቀን አይታዘቡሽም። ብልሃትም ልጨምርልሽ። አቦሉን ጠጥተሽ ከምትነሺ ቶናው ሲቀዳ ደርሰሽ በረካውን አብረሽ ብትጠጪ ይሻላል። ዘግይታ የመጣችን «ሥራ ይዟት ነው» ይሏታል። አቋርጣ የወጣችን ግን ገና ደጁን ሳትሻገር ነው የሚያነሷት። ይህን ከልምድ ነው የምነግርሽ፤ ከሚያነሱት አንዷ እኔ ነበርኩ።

እሱን ካነሳሁ አይቀር። ደብረ ማርቆስ ስንኖር አንዲት ጎረቤት ነበረችን። ትመጣለች፤ ትቀመጣለች፤ ትሄዳለች። «ዝጋታም» የሚል ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ። እናቴ ያረፈች ጊዜ ሦስቱንም ቀን መጥታ ጓዳው በር ላይ ተቀመጠች። ድንኳኑ ሲነሳ ጓዳው በሰው ዕቃ ተሞልቶ ቀረ። ስልሳ ምናምን ብርጭቆ፣ ማንቆርቆሪያ፣ ትሪ፣ ሰፌድ። የእድሩ ምልክት አለው፤ የቀረው የማን እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ። እኔማ በለቅሶውም በወሬውም መሀል ምኑን አይቼው። ያቺ ሴት ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብላ አንድ በአንድ ታነሳ ጀመር። «አፉ የተሸረፈው ከላይ ቤት ነው። ሰማያዊ መስመር ያላቸው ስድስቱ የመምህሯ ናቸው። ይሄ ሰፌድ የተበደረው ማክሰኞ ማታ ነው።» ሲመጣ ሲሄድ ሁሉንም እያየች ነበር ለካ። ሳይመሽ ዕቃው ሁሉ በየባለቤቱ ቤት ገባ፤ አንድ ሰው «ብርጭቆዬ ጎደለ» አላለም። ስትጨርስ እጇን ታጥባ «ያጥናሽ» አለችኝና ወጣች። ያወጣሁላት ስም ዛሬም ያሳፍረኛል።

ቢሮው ግን ሌላ አገር ነው። እዚያ ሽማግሌም አልቃሽም የለም፤ ሁሉም ስለራሱ ይናገራል። ዝም ካልሽ «የምትለው የላትም» ነው የሚሉሽ። በነገራችን ላይ ግምገማው ተስማምቶኝ አይደለም። ሒሳቧ የማይዛነፍ ሠራተኛ በአፏ ስትመዘን ያናድደኛል። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1958 ዬል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተሠራ ጥናት፣ ሰዎች ተሰብስበው ሐሳብ ከሚያዋጡ ይልቅ ለየብቻቸው አስበው ሲደመር ብዙ ሐሳብ እንደሚገኝ አሳይቷል። ግን ቅጹን የምትሞዪው አንቺ አይደለሽም። ስለዚህ አለቃሽን «አጀንዳውን ከአንድ ቀን በፊት ቢልኩልኝ ተዘጋጅቼ እመጣለሁ» በያቸው። ማታ ሁለት ነጥብ ጻፊ። ያ ቆጠራሽ ነው። ስብሰባው በተጀመረ በአሥር ደቂቃ ውስጥ አንዱን ተናገሪ። በኋላ እላለሁ ካልሽ አለቀልሽ፤ እንደኔ ያሉት መድረኩን ከያዙት አይለቁትም። የሒሳብ ሰው ነሽ፤ ቁጥር ያለባት አንድ ዐረፍተ ነገር ትበቃሻለች። ሁለተኛውን ነጥብ ከስብሰባው በኋላ በኢሜይል ላኪላቸው፤ የተጻፈ ነገር በግምገማ ቀን ይገኛል።

የ21ዱ ነገር ቀረ። ራሴን አሞኛል አትበዪ። ውሸት ነው፤ ያውም በማርያም ቀን። ደግሞ አያዋጣሽም። ራሷን አሟታል የተባለ እንደሆነ አከራይሽ ሻይ በዝንጅብል ይዛ ታንኳኳለች፤ ከኋላዋ ማኅበርተኛው በሙሉ «ምን ነካት?» እያለ ክፍልሽ ይገባል። ያኔ ወዴት ታመልጪያለሽ?

ይልቅ ዋዜማውን ወደ ጓዳ ብቅ ብለሽ «እትዬ፣ ምን ልሥራ?» በያት። ሽንኩርት ትሰጥሻለች። በማኅበሩ ዕለት ደግሞ ጠላ የሚቀዳ ሰው ሁልጊዜ ይጠፋል። ጆጉን አንቺ ያዢው። ጆግ የያዘችን ሴት ማንም «ተጫወቺ እንጂ» አይላትም። «ለኔም ጨምሪልኝ» ነው የሚላት።